የበሩን መብራት ባናጠፋስ

ሰላም ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ላይ አንድ አባት የጻፉትን ደብዳቤ አነበብኩት። ሁለቴ ነው እንደውም ያነበብኩት፣ አንዴ ትምህርት ቤት በምሳ ሰዓት፣ አንዴ ደግሞ ማታ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ። ባጭሩ ሃሎዊን፣ ልጆች ኮስቲዩም ለብሰው ማታ በየቤቱ እያንኳኩ ከረሜላ የሚለምኑበት ቀን፣ የሰይጣን በዓል ስለሆነ ኦክቶበር 31 ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት አትላኩ፣ ማታም የበራችሁን መብራት አጥፍታችሁ ድምፅ ሳታሰሙ ተቀመጡ ነው የሚለው። የመጀመሪያውን ግማሽ ለልጆቻቸው እሳቸው ያውቃሉ፣ እኔ ሰው ቤት ገብቼ ልጅህን እንዲህ አድርግ አልልም፣ እምነት ነው። ሁለተኛው ግን፣ መብራት አጥፉ የሚለው፣ እሱ ነው ቁጭ ብዬ እንድጽፍ ያረገኝ፣ ረዘም ካለባችሁ ከፈለጋችሁት ቦታ ቁረጡት።

ማን ነው ይሄ ሰውዬ ለሚል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ኤለመንተሪ ስኩል ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በ2001 በረዳትነት ጀመርኩ፣ ማታ ማታ ተምሬ ላይሰንሴን ያዝኩ፣ ከዛ ወዲህ ሁለተኛ ክፍልን ለቅቄ አላውቅም። ወንድሜ አንተ ከሰባት ዓመትህ አላለፍክም እያለ ይቀልድብኛል። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ የዋሉትን ሳልቀንስ 24 ሃሎዊን ከልጆች ጋር አሳልፌያለሁ ማለት ነው፣ አንዱን በዙም። ስለ ሰይጣኑ ቄስ ይናገር፣ ስለ ልጆቹ ግን እኔም ትንሽ የማውቀው አለ።

የመጀመሪያው ሃሎዊኔ ግን አስተማሪ ከመሆኔ በፊት ነው። በዲቪ የመጣሁት በ1999 ነው፣ አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሰውዬ ዳውንታውን ዲሲ ፓርኪንግ ገባሁ፣ እሱን ተዉት፣ የስንቶቻችን ታሪክ ነው። የዛን ዓመት ኦክቶበር 31 እሁድ ዋለና ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር በምጋራው አፓርትመንት ውስጥ ብቻዬን ሽሮ እያማሰልኩ በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው ባይ ማንም የለም። ስከፍተው አጥንት ቆሟል። ቁመቱ ወገቤ ጋ የሚደርስ አጥንት፣ ከኋላው አንዲት ጠንቋይ፣ ከጠንቋይዋ ኋላ ንብ። ሦስቱም ባንድ ድምፅ የሆነ ነገር ብለው የፕላስቲክ ዱባቸውን ዘረጉልኝ። አሃ፣ ሆያ ሆዬ ነው አልኩ በሆዴ፣ በቃ ገባኝ! ገብቶኝ ደግሞ በሩን ተደግፌ እስኪዘፍኑ መጠበቅ ጀመርኩ። እነሱ ዝም። እኔም ዝም። አጥንቱ ንቧን አየ፣ ንቧ እኔን አየች፣ ሽሮዬ ከኋላ ማረር ጀመረ። በመጨረሻ ኮሪደሩ ላይ የቆመች እናታቸው በእጇ ወደ አፏ እያሳየች የሚበላ ነገር ነው አለችኝ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ከሽሮና ከበርበሬ በቀር ምንም የለም። ሙልሙል የለኝ። እና ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ዶላር ሰጠኋቸው፣ የሆያ ሆዬ ደንብ እሱ ነዋ።

ከዛማ ወሬው በሩብ ሰዓት ሕንጻውን አዳረሰው። ሦስተኛ ፎቅ ዶላር የሚሰጥ ሰውዬ አለ ተባለ መሰለኝ፣ ሰልፍ ሆነ፣ ኧረ ድጋሚ የመጣም ነበር፣ ጭምብሉን ቀይሮ። 23 ዶላር ወጣብኝ። በዛን ጊዜ ፓርኪንግ በሰዓት ምን ያህል ይከፈል እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጆቹ ማታ ከሥራ ሲገቡ ስነግራቸው ሶፋው ላይ ተንከባለው ሳቁብኝ፣ አሁን ድረስ አንዱ ሲደውልልኝ ሰላም ከማለቱ በፊት ዶላር አለ ወይ ነው የሚለኝ።

ግን ያን ማታ ስተኛ የመጣብኝ ሽሮ ሜዳ ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ሊደርስ ሲል፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ጅራፉ ከየአቅጣጫው ሲጮህ፣ ዱላችንን ይዘን ጭቃውን እየደቃን ከግቢ ግቢ የምንዞረው። እኔ አውራጅ አልነበርኩም፣ ድምፄ አይሆንም ነበር፣ ተቀባይ ነበርኩ፣ ሳንቲም ያዥም ነበርኩ፣ ለሂሳብ ጎበዝ ስለነበርኩ ነው ወይ ደግሞ ፈሪ ስለሆንኩ ይዞ አይጠፋም ተብሎ። ሙልሙሉ ትኩስ ሆኖ ከተሰጠን እዛው ነው የሚያልቀው። አዘጋጁም ከኔ ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ላይ ካለህ ይሄ ሁሉ ትዝ ይልሃል፣ ግን አንድ ሌላ ነገርም ትዝ ይበልህ፣ ስንመጣ ሰምቶ መብራቱን የሚያጠፋውን ቤት። ነበረ እኮ፣ በየሰፈሩ ነበረ። እኛ ደግሞ ሰው እንዳለ እናውቃለን፣ ቅድም ሬዲዮው ሲያወራ ሰምተናላ፣ መብራቱ ሲጠፋም አይተናል። እና የዛን ቤት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ስናገኛቸው ሰላም የምንላቸው በግዳችን ነበር። ልጅ አይረሳም። እኔ ያው 50 አልፎኝም የዛን ቤት የቆርቆሮ በር ቀለም እነግራችኋለሁ፣ አረንጓዴ ነው።

አሁን ወደ ክፍሌ ልመለስ። ኖቬምበር 1 ጠዋት (ወይም ሃሎዊን ቅዳሜና እሁድ ከዋለ ሰኞ) ምንም ማስተማር አይቻልም፣ እኔ ድሮ እታገል ነበር፣ አሁን መጀመሪያ 20 ደቂቃ እንዲያወሩ እተዋቸዋለሁ። ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጡና የማን ቤት ምን እንደሰጠ፣ የማን ቤት ትልቁን ቸኮሌት እንደሰጠ፣ የማን አባት ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ እንዳስደነገጣቸው ይተነትኑታል፣ ሪል ስቴት ኤጀንት እንደነሱ ሰፈር አያውቅም። በ2009 ይሁን በ2010 ብቻ አንድ ሰኞ ጠዋት እንዲህ ክብ ሠርተው እያወሩ አንዷ ልጅ የኛኑ ልጅ፣ ወላጆቹ ሐበሾች ናቸው፣ "እናንተ ቤት እኮ አንኳኩቼ ነበር" አለችው። እሱ ቶሎ ብሎ "አልነበርንም፣ አክስቴ ጋ ሄደን ነበር" አለ። በቃ ወሬው አለፈ፣ ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። በእረፍት ሰዓት ግን አጠገቤ መጥቶ ቆመና ምንም ሳልጠይቀው በአማርኛ፣ እንግሊዝኛ እየቀላቀለ፣ ከሶፋው ኋላ መሬት ላይ ተኝተው እንደነበር፣ አባቱ ሽ ሽ እያለ ትንሽ እህቱን አፏን ይዟት እንደነበር፣ እሱ ግን በመጋረጃው ሥር ጫማቸውን አይቶ እነማን እንደሆኑ እንዳወቀ ነገረኝ። ጫማቸውን! የክፍሉን ልጆች ሁሉ በስኒከራቸው ያውቃቸዋል። "መጥፎ ሰዎች አይደሉም እኮ ቲቸር" ነው ያለኝ።

አባቱን አውቀዋለሁ፣ ደግ ሰው ነው፣ ፓረንት ቲቸር ኮንፈረንስ ቀርቶ አያውቅም። ለልጁ ብሎ ነው ያደረገው። ግን ያ ልጅ ያን ማታ ስለ ሰይጣን ምንም አልተማረም። የተማረው ጓደኞቹ በሩን ሲያንኳኩ መሬት ላይ መተኛት እንዳለበትና ጠዋት ደግሞ መዋሸት እንዳለበት ነው። እኔ ደብዳቤ ጸሐፊውን ወንድሜን የምለው ይሄንኑ ነው፣ አትሳተፍ፣ ኮስቲዩም አትግዛ፣ ግን በርህን ክፈትና እኛ ቤት ይሄን አናከብርም፣ ደህና እደሩ ልጆቼ በል። ልጅህ ከጎንህ ቆሞ ይስማ። ያ ትምህርት ነው። መደበቅ ግን ምን ያስተምራል?

ስለ በዓሉ ራሱም ትንሽ ልበል መቼስ ከጀመርኩት። አንዲት እናት በአንድ ዓመት ላይ ክፍሌ ድረስ መጥታ "ጋሼ፣ ጥቅምት 21 እኮ ማርያም ናት፣ በማርያም ቀን ልጄን ጭራቅ አልብሼ ልላክ?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። አስቤው አላውቅም ነበር፣ ልክ ናት እኮ፣ ኦክቶበር 31 ጥቅምት 21 ነው፣ በየአራት ዓመቱ አንዴ ብቻ ነው ወደ 20 የሚንሸራተተው። ዘንድሮም፣ በ2025፣ 21 ነው፣ አርብ። ቤቴ ገብቼ ሳነብ ግን የሃሎዊን ስም ራሱ የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ ማለት ሆኖ አገኘሁት፣ የምዕራባውያን ቤተክርስቲያን ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ብላ ታከብራለች፣ ማታው ዋዜማው ነው። ከሱ በፊት ደግሞ የአየርላንድና የስኮትላንድ አካባቢ ሰዎች የመከር ማብቂያና የክረምታቸው መግቢያ አድርገው የሚያከብሩት የቆየ በዓል ነበር፣ እሳት ያነዳሉ፣ የሙታን መንፈስ ይዞራል ይላሉ፣ እሱን አልደብቅም፣ ደብዳቤ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ከመሬት አልተነሱም። አሜሪካ የመጣው ግን በብዛት በስደተኛ ነው። ከ1845 በኋላ ድንቹ በበሽታ ሲያልቅባቸው ረሃብ ያባረራቸው አየርላንዶች ይዘውት መጡ። አገራቸው ሳሉ ፊት የሚቀርጹት በቀይ ሥር በሚያህል የሥር ተክል ላይ ነበር፣ እዚህ ሲመጡ ዱባ ትልቅ ነው፣ ለመቅረጽም ይቀላል፣ ወደ ዱባ ዞሩ። እኛ እዚህ መጥተን ጤፍ ስናጣ እንጀራውን በሌላ ዱቄት እንደጀመርነው ማለት ነው።

ከረሜላውም ቢሆን ኋላ ነው የመጣው። ልጆቹ በር ላይ የሚሉት ትሪክ ኦር ትሪት የሚለው አባባል ራሱ ገና 100 ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ስኳር በራሽን ስለነበር ነገሩ ቀዝቅዞ ቆይቶ ከጦርነቱ በኋላ ነው እንደ ጉድ የተስፋፋው። ከዛ በፊት ለውዝ፣ ፖም፣ ቤት የተጋገረ ኬክ፣ ሳንቲምም ይሰጥ ነበር። ይሄን ያነበብኩ ቀን ለባለቤቴ "አየሽ፣ ዶላር መስጠቴ ስህተት አልነበረም" አልኳት። እሷ 23 ዶላር ግን ስህተት ነው አለች።

ኮስቲዩምን በተመለከተ እኔም ቅሬታ አለኝ። ድሮ ስጀምር ልጆቹ ግማሾቹ ቤት የተሠራ ነገር ለብሰው ነበር የሚመጡት፣ ካርቶን በአሉሚነም ፎይል ጠቅልሎ ሮቦት፣ አንሶላ በስቶ መንፈስ፣ አንዱ በደንብ ትዝ የሚለኝ የልብስ ማጠቢያ ቅርጫት አንገቱ ላይ አጥልቆ ካልሲዎች አንጠልጥሎበት "ላውንድሪ ነኝ" ብሎ የመጣ ነው፣ እንደሱ ያሳቀኝ የለም። አሁን ሁሉም ከታርጌት ነው፣ 35 እና 40 ዶላር፣ ለአንድ ማታ፣ ሁለት ሦስት ልጅ ላለው ሰው አስቡት። ትምህርት ቤት በኮስቲዩም ሰልፉ ቀን ስድስት ስፓይደርማን ይመጣና ሰባተኛው ምንም ሳይለብስ ይመጣል። ለዚህ ነው ቁምሳጥኔ ውስጥ ሣጥን ያስቀመጥኩት፣ ኮፍያ፣ ካባ፣ ክንፍ፣ የተሰበረ ስቴቶስኮፕ፣ የባለቤቴ አሮጌ ሻርፕ። ረስቼ መጣሁ የሚል ልጅ ሁሌም አለ፣ አልረሳም፣ አልተገዛለትም፣ እኔም አውቃለሁ እሱም እንደማውቅ ያውቃል፣ ሣጥኑን ዝም ብለን እንከፍታለን። እኔ ራሴ ሁሌ የምለብሰው አንድ ነገር ነው፣ የድሮውን የፓርኪንግ አንጸባራቂ ቬስት። ልጆቹ የመንገድ አሻጋሪ ይመስላቸዋል።

ግን አንድ ዓመት ሣጥኑም አልሠራም። አንዲት ልጃችን ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ መጣች፣ ጥለቱ አረንጓዴ፣ ፀጉሯ ሹሩባ ተሠርታ፣ አምራ አምራ። እናቷ ገንዘብም አላወጣችም፣ ጭራቅም አላለበሰቻትም፣ ብልህ ሴት ናት አልኩ። ኮሪደር ላይ አንዷ አስተማሪ፣ ክፋት የላትም፣ "ውይ እንዴት ታምሪያለሽ፣ ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው?" አለቻት። ልጅቷ ዝም አለች። ጎንበስ ብላ ቀሚሱን አየችው። ከዛ ወደኔ ዞራ "ቲቸር፣ እኔ ምን ሆኜ ነው የመጣሁት?" አለች። እስከዛሬ ጥሩ መልስ አላገኘሁለትም። ያኔ "ራስሽን ሆነሽ" አልኳት፣ ፊቷን ሳየው አልበቃትም፣ ሌሎቹ ልዕልትና ድመት ሆነው እሷ ብቻ ራሷን መሆኗ። በነጋታው ለእናቷ ደውዬ ነገርኳት፣ እናቷ በጣም አዘነች፣ "እኔ እኮ የምናምርበትን ነው ያለበስኳት" አለች። ነው እኮ። ግን የሐበሻ ቀሚሱን ለእንቁጣጣሽ ወይ ለካልቸር ናይት ብናደርገው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ሁሉም ሌላ ሰው በሚሆንበት ቀን የራሳችንን ልብስ ካለበስናቸው የራሳችን ልብስ የሌላ ሰው ልብስ ይመስላቸዋል። ይሄ የኔ ሐሳብ ነው፣ ከባለቤቴ ጋር አንስማማበትም።

ከረሜላው ላይ ደግሞ የኛ ልጆች የሚገርም ሕግ አላቸው። ምሳ ሰዓት ካፌቴሪያው መርካቶ ነው የሚሆነው። ሬሲስ የሚባለው ቸኮሌት ንጉሥ ነው፣ አንዱ ሬሲስ ሁለት ትንንሽ ነገር ይመነዝራል። ካንዲ ኮርን የሚባለውን ቢጫና ብርቱካናማውን ግን በነፃም የሚወስድ የለም፣ ከ1880ዎቹ ጀምሮ እየተሠራ ነው ይላሉ፣ እኔ ያኔ የተሠራውን ነው አሁንም የሚሸጡት እላለሁ። በ2018 ሃሎዊን ረቡዕ ዋለ። ሐሙስ ምሳ ላይ ሁሉም የተረፈውን ቸኮሌት ሲቆጥር አንዱ ልጃችን ቦርሳው ሙሉ ነው፣ አንድም አልተነካም፣ "ምነው አልወደድከውም?" ስለው "ትናንት ጾም ነበር፣ ወተት አለበት" አለኝ። ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ባትማን ለብሶ ሲዞር አምሽቶ፣ ወተት ያለበትንና የሌለበትን መብራት ሥር ቆሞ እያነበበ ለይቶ፣ ስኪትልሱን ብቻ በልቶ ነው የተኛው። አጠገቡ የምትቀመጠዋ ሙስሊም ልጅ ደግሞ ጄላቲን (ብዙ ጊዜ ከአሳማ የሚሠራ ማርጊያ) ያለበትን ሁሉ፣ ጋሚውን ማርሽማሎውን ስታርበርስቱን፣ አውጥታ በቸኮሌት ትቀይረዋለች። እሱ በጾም ወተት አይበላም፣ እሷ ጄላቲን አትበላም፣ ሁለቱ ተገናኝተው ማንም ሳይነግራቸው ሙሉ ሂሳቡን ጨረሱት። እኔ መቀነስና መደመር ለማስተማር ሦስት ሳምንት ይፈጅብኛል። እና ሃሎዊን እምነታቸውን ያስረሳቸዋል ለሚለኝ ሰው ሁሌ የምነግረው ይሄን ልጅ ነው።

በነገራችን ላይ ኖቬምበር 1 ልጆቹ የሚያብዱት በስኳሩ ነው ይባላል፣ በ1995 ብዙ ጥናቶች ባንድ ላይ ተገምግመው ስኳር የልጅ ባሕርይ አይለውጥም ነው የወጣው። አልከራከርም፣ ጥናቱን የሠሩት ሰዎች ግን ያን ቀን ክፍሌ መጥተው ቢያዩ ደስ ይለኛል። እንቅልፍ ማጣቱም ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ደግሞ ለምን ይሄን ማታ እንዲህ እንደምከራከርለት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱ ከረሜላ አይደለም። በ2002 እዚህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ኦክቶበር 2 ነው የጀመረው፣ ከመኪና ውስጥ ተደብቀው ሰው የሚተኩሱት ሁለቱ ሰዎች። ነዳጅ የሚቀዳ፣ ሳር የሚያጭድ፣ ግሮሰሪ የሚገባ ሰው ይወድቅ ነበር፣ በዚህ በኛ አካባቢ አሥር ሰው ሞተ፣ ሦስት ቆሰለ፣ ከቆሰሉት አንዱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። እኔ በሥራው ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሦስት ሳምንት መጋረጃ ዘግተን አስተማርን። ልጆቹ ሜዳ አልወጡም፣ እረፍት የሚባለውን ጂም ውስጥ ነበር የሚያሳልፉት፣ ከአውቶቡስ እስከ በሩ ድረስ እየተሯሯጥን ነበር የምናስገባቸው፣ ወላጆቻችንም ነዳጅ ሲቀዱ ከመኪናው ጎን ጎንበስ ብለው ነበር። አንዷ ልጅ ሥዕል ስትሥል መስኮት የሌለው ቤት ሣለች፣ ለምን ስላት ዝም አለችኝ።

ኦክቶበር 24 ተያዙ። ሐሙስ ነበር። በሳምንቱ ሐሙስ ሃሎዊን ሆነ። እና ያን ማታ ከሥራ ወጥቼ በእግሬ ስሄድ መንገዱ ሙሉ ልጅ ነው። ሦስት ሳምንት ሰው ያልታየበት ጎዳና፣ ዳር እስከ ዳር መብራት በርቶ፣ ልጁ እየጮኸ፣ ወላጁ ቡና ይዞ እየተከተለ፣ ማንም ጎንበስ ያላለ። ያቺ መስኮት የሌለው ቤት የሣለችው ልጅ ንግሥት ሆና አንድ በር ላይ ቆማ ሰላም አለችኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ወንበሩን በረንዳው ላይ አውጥቶ፣ ከረሜላውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ እንኳን መጣችሁ፣ እንኳን መጣችሁ እያለ ይሰጥ ነበር። ቆሜ አየሁት። በዛ ቀን ያን ሰፈር እንደ ራሴ ሰፈር ማየት ጀመርኩ፣ እስከዛ ድረስ የተከራየሁበት ቦታ ነበር። እስካሁን ከቀሩት ቀናት ሁሉ አሜሪካኖች የማያውቁት ሰው በራቸውን ሲያንኳኳ ከፍተው የሚስቁበት ሌላ ቀን አላገኘሁም፣ እኛ አገራችን ለቡናም ለለቅሶም በር ክፍት ሆኖ ያደግን ሰዎች ይሄን አንዱን ቀን እናጥፋው?

በየዓመቱ ወላጆች ከረሜላው መርዝ ቢኖርበትስ፣ ምላጭ ቢኖርበትስ ይሉኛል። የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ አንድ የሶሺዮሎጂ ፕሮፌሰር ከ1958 ጀምሮ የወጡትን ወሬዎች አንድ በአንድ ተከታትሎ የማያውቀው ሰው በሰጠው የሃሎዊን ከረሜላ የሞተ ልጅ አላገኘም። በ1974 ቴክሳስ ውስጥ የሞተው ልጅ አለ፣ መርዙን ያደረገበት ግን የገዛ አባቱ ነው፣ ለኢንሹራንስ ገንዘብ። ከረሜላውን ከመብላታቸው በፊት እዩት፣ የተከፈተውን ጣሉት፣ በቃ። የሚገድለው መኪና ነው። በ2018 የወጣ ጥናት ከ1975 እስከ 2016 ያለውን አይቶ በሃሎዊን ማታ በእግሩ የሚሄድ ሰው በመኪና ተገጭቶ የመሞት አደጋው ከሌላ ማታ በ43 በመቶ ይጨምራል ይላል፣ ልጆቹ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ የባሰው ሰዓት ወደ 12 ሰዓት ገደማ ነው፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ስለዚህ ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ወንድሞቼ እህቶቼ፣ ስንት እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ አርብ ማታ ሰፈር ውስጥ ስትገቡ ቀስ በሉ፣ ባትማን ጥቁር ነው አይታይም። ልጅ የምታዞሩም አንጸባራቂ ፕላስተር ጀርባው ላይ ለጥፉለት፣ ርካሽ ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ አርብ ነው፣ ጾም ነው፣ ማርያም ናት፣ ሁሉንም አውቃለሁ። ማታ ቤተክርስቲያን የምትሄዱ ሂዱ፣ የእውነት ቤት ከሌላችሁ ማንም አይቀየምም። ቤት ካላችሁ ግን መብራቱን አብሩት። ከረሜላ የማትፈልጉ እርሳስ ስጡ፣ ስቲከር ስጡ፣ ክፍሌ ውስጥ ለውዝ የማይበሉ ልጆች አሉ፣ ከ2014 ጀምሮ ለነሱ ተብሎ በሰማያዊና አረንጓዴ መካከል ያለ ቀለም የተቀባ ዱባ በር ላይ ይቀመጣል፣ እዚህ ቤት ምግብ ያልሆነ ነገርም አለ ማለት ነው፣ ለኛም ይመቸናል። እኔ ቤት ስኪትልስ አለ፣ ለጾመኛውም ለሙስሊሙም ብዬ ነው የገዛሁት። ደብዳቤ ጸሐፊው ወንድሜም ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከሆኑ ብቅ ይበሉ፣ ቡና ይፈላል፣ እየከፈትን እየዘጋን እንከራከራለን። በረንዳው ላይ አንጸባራቂ ቬስት የለበሰ ሰውዬ ካያችሁ እኔ ነኝ።

ዶላር ግን የለም፣ ልጆቹንም እንዳታስለምዷቸው።

አክባሪያችሁ፣
የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ